ከፓሪስ ውጪ እማዬን የት ልውሰዳት? የፈረንሳይ ገጠር ጥቆማ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሊዮን ነው። እማዬ ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ ለሦስት ሳምንት። ያለፈው ጊዜ ፓሪስ ወስጃት ኤፍል ታወርን ቀና ብላ አይታ «ብረት ነው እኮ» አለችኝ፤ ስለዚህ ከተማ አልደግምም። ገጠር ላሳያት ነው ያሰብኩት፣ ሰው የማይጋፋበት። 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታን ትጾማለች። የ9 ዓመት ልጅም አለኝ፣ እሱም እንዳይሰለቸው። መኪና አለን። ያያችሁትን ብቻ ጠቁሙኝ።

መልስ

እህቴ፣ እማማ «ብረት ነው» ካሉ ድንጋይ አሳዪያቸው። እኔ ሴንት-ኤትየን ነኝ፣ ስለዚህ ለጎረቤቴ ማድላቴ አይቀርም፤ ግን ከሊዮን ለሚነሣ ሰው የመጀመሪያው «ለ ፕዊ-አን-ቨሌ» የሚባለው ከተማ ነው። በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። አካባቢው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከጣሪያዎቹ መሐል ጥቁር ቋጥኝ ብድግ ብድግ ብሎ ታያላችሁ። ከአንዱ ጫፍ ላይ፣ ከመሬት 80 ሜትር በላይ፣ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎት ተቀምጧል፤ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። ስለ ደብረ ዳሞ የሰማ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ልዩነቱ እዚህ በገመድ አይወጣም፣ ሴትም ትገባለች።

የሚወጣው በደረጃ ነው፣ 268። ለታመመ ጉልበት ቀልድ አይደለም። እናቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ አርባኛው አካባቢ ስትደርስ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ ዳዊቷን አወጣችና «ሂድ አንተ፣ ሚካኤል ከዚህም ይሰማኛል» አለችኝ። ወጥቼ ስመለስ አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት አጠገቧ ተቀምጠው ውኃ እያጠጧት ነበር፤ በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ላይ ያለው ቤት ጠባብ ነው፤ ግድግዳው የቋጥኙን ቅርጽ ተከትሎ ይጣመማል፣ የግድግዳው ሥዕልም ደብዝዟል። እማማ ባይወጡም ከታች ቆሞ ማየቱ ብቻውን ያረካል።

ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ልጇን የታቀፈች የእመቤታችን ትልቅ ሐውልት አለች፣ ቀላ ያለች፣ 16 ሜትር ቁመት። እሷን ለልጅሽ ንገሪው፤ የተሠራችው ከክራይሚያ ጦርነት፣ ከሴባስቶፖል በተማረኩ 213 የሩሲያ መድፎች ነው፣ በ1860 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው)። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከተማ ነው። እዚህ መድፍ ቀልጦ ማርያም ሆነ፣ እኛ ጋ ብረት ቀልጦ መድፍ ሆነ። በሆዷ ውስጥ ደረጃ ስላለ ልጆች እስከ ላይ ይወጣሉ።

ካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ማርያም አለች። ጥንታዊቷ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በ1794 ተቃጥላለች፣ አሁን ያለችው ምትኳ ናት። ኦገስት 15 ላይ ይዘዋት በከተማው ይዞራሉ፤ የነሱ ፍልሰታ መሆኑ ነው። የኛ የሚፈታው ኦገስት 22 ስለሆነ እማማ እየጾሙ የነሱን በዓል ያያሉ ማለት ነው። ግርግር ካልፈለግሽ ግን ያን ቀን ዝለዪው፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ ቀኑን ይበላዋል።

ጾም ካነሣን አይቀር የለ ፕዊ አረንጓዴ ምስር አለ። ከ1996 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሌላ ቦታ የበቀለ ምስር በዚህ ስም አይሸጥም። ድፍኑን ይቀቀላል፣ አይፈርስም። ምግብ ቤት ስታዢ ግን ውስጡ በትንንሹ የተከተፈ የአሳማ ሥጋ ሊኖር ስለሚችል «ሳን ላርዶን» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እኔ «ምስር ነው፣ ምን ይኖረዋል» ብዬ ሳልጠይቅ አዝዤ የእናቴ ሳህን ሳይነካ ተመልሷል። ይልቅ ከገበያ ግዢና ቤት አዚፋ አድርጊው። ለአዚፋ ከዚህ የተሻለ ምስር አላየሁም፣ ሰናፍጩም አገሩ ነው።

ሁለተኛው ለልጅሽ ነው፣ ኦትሪቭ የሚባል መንደር፣ ከሊዮን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ፈርዲናን ሸቫል የሚባል ፖስተኛ በ1879 ደብዳቤ ሲያድል ድንጋይ አደናቀፈው። ድንጋዩ ቅርጹ ስላማረው ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ሌላ ለቀመ። በቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ የሚዞር ሰው ነው፤ መጀመሪያ በኪሱ፣ ቀጥሎ በቅርጫት፣ በኋላ በካሪዮላ እያመላለሰ፣ ማታ ማታ በኖራና በሲሚንቶ እያጣበቀ፣ 33 ዓመት ሙሉ ብቻውን ቤተ መንግሥት ሠራ። ግንበኛ አልነበረም። ዝሆኑ፣ መስጊዱ፣ ከጣሪያ በታች የቆሙት ሦስት ግዙፎች፣ ሁሉም ከራሱ ሐሳብና በሚያድላቸው ፖስት ካርዶች ላይ ካየው ነው። እዚያው ልቀበር ቢል ስላልተፈቀደለት የመንደሩ መቃብር ቦታ ሄዶ ስምንት ዓመት ፈጅቶ የራሱን መቃብር ሠራ። ካሪዮላዋን አስቀምጠዋታል፣ ልጄ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ እሷ ፊት ነው ፎቶ ተነሥቶ የመጣው። ዙሪያውን በሜዳው መዞር ስለሚቻል ለእማማ ጉልበትም ይመቻል።

አንድ ነገር፣ ገጠር ውስጥ ምሳ ሰዓት ቀልድ የለውም። እኛ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ (በነሱ 14 ሰዓት ከሩብ) አንድ ምግብ ቤት ገብተን «ወጥ ቤቱ ተዘግቷል» ተባልን፤ ሰው ገና ጣፋጩን እየበላ። ዳቦ ቤቱም ዝግ ነበር። በሻንጣ የነበረ ዳቦ ቆሎ ባይኖር ልጆቹ ያለቅሱ ነበር።

ብዙ ሰው ጌዴሎንንም ይጠቁምሻል፤ ከ1997 ጀምሮ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ዘዴ ብቻ፣ ያለ ሞተር፣ የሚገነቡት ግንብ። ልጅሽ ይወደዋል፤ ሰው ትልቅ የእንጨት መሽከርከሪያ ውስጥ እየተራመደ ድንጋይ ሲያነሣ ያያል። ከሊዮን ግን ሦስት ሰዓት ያልፋል። ለፓሪስ መንገድ ካላችሁ እግረ መንገዳችሁን፣ አለዚያ ለብቻው አልለፋበትም።

ሌላ ሰው፣ ከቦርዶ

ወንድሜ ለ ፕዊን አመስግኖ ጨረሰ፣ ግን እማማ ላሊበላን የሚወዱ ከሆነ ኦብቴር-ሱር-ድሮንን ማን ረሳው? ከገደሉ ውስጥ የተፈለፈለ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጣሪያው ወደ 20 ሜትር ይደርሳል። ላሊበላ ነው አልልም፤ እዚያ ሕንፃው ከአለቱ ተለይቶ ቆሟል፣ እዚህ ግን ተራራው ሆድ ውስጥ መግባት ነው። ወለሉ ላይ ከአለት የተቆፈሩ መቃብሮች ተደርድረዋል። ክረምትም ሆነ በጋ ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ጋቢ ይያዝ። ሴንት-ኤሚልዮን ያለውም ከአለት የተፈለፈለ ነው፣ ግን በአስጎብኚ ካልሆነ አይገባም፣ ወይን ፈላጊውም ይጋፋል። ኦብቴር ላይ እኔ በሄድኩበት ጠዋት አራት ሰው ነበርን።

መልስ

ልክ ነህ፣ ያምራል። ግን ከሊዮን ቀኑን ሙሉ መንገድ ነው ወንድሜ፤ 67 ዓመት እናት መኪና ውስጥ ይህን ያህል አይቀመጡም። ባሕር ለማየት ወደ ቦርዶ ከወረዱ ያኔ ይግቡበት።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወስኛለሁ፤ ኦትሪቭን ቅዳሜ ደርሰን እንመለሳለን፣ ለ ፕዊን ደግሞ ከኦገስት 15 በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ሌሊት አድረን። ለእማዬ በስልክ ስለ 268ቱ ደረጃ ስነግራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦ «አርባ ላይ ያቆመችውን ሴትዮ እበልጣታለሁ።»

መልስ

እናቴ ይህን ስትሰማ ልትከተላችሁ ነው። ብቻ ጠዋት በጊዜ ውጡ፣ ፀሐዩ ሳይከርር። ምስሩን ስትገዢ ለኔም ሁለት ኪሎ ጨምሪ፣ ስትመለሱ ሴንት-ኤትየን መንገዳችሁ ላይ ነው፣ ቡና ተፈልቶ ይጠብቃችኋል።