የጃፓን አኒሜ (በስዕል የሚሠራ) ፊልም ላይ ታሪኩ ነው ስዕሉ የሚበልጥባችሁ?

ጨረቃ፦ የማኮቶ ሺንካይን «ፋይቭ ሴንቲሜተርስ ፐር ሰከንድ» (እ.ኤ.አ. 2007) አየሁት። ስዕሉ አፍ ያስከፍታል! ታሪኩ ግን የት አለ? ስዕል ብቻውን ፊልም ይሆናል እንዴ?

ደመና፦ ኧረ ተው! ባቡሩ በበረዶ ምክንያት ሲዘገይ፣ ልጁ ጭንቅ ብሎት ሰዓት ሲቆጥር፣ ለልጅቷ የጻፈውን ደብዳቤ ነፋስ ሲወስድበት፣ ይሄ ታሪክ ካልሆነ ምንድነው? ንግግር ስላነሰ ነው ባዶ የመሰለህ።

ኮከብ፦ እኔ ከጨረቃ ጋር ነኝ። የኢሳኦ ታካሃታ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» (እ.ኤ.አ. 1988) ልጁ እንደሚሞት ገና ሲጀምር ይነግርሃል፣ ግን እያወቅክም ያስለቅስሃል። ስዕሉ እኮ ቁጥብ ነው።

ደመና፦ ዳይሬክተሩ ሃያኦ ሚያዛኪስ? ስክሪፕት ሳይጨርስ ነው ስቶሪቦርድ (የፊልሙን ትዕይንቶች በተርታ የሚያሳይ ንድፍ) መሳል የሚጀምረው። ታሪኩን እየሳለ ነው የሚያገኘው። ፊልሙ «ስፒሪትድ አዌይ» በዚህ መንገድ ተሠርቶ ኦስካር ወስዷል።

ጨረቃ፦ እሺ፣ የደብዳቤዋን ቦታ ደግሜ አያታለሁ። መጨረሻው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።