የናፍጣ ፒክአፕ ጭስ ማጣሪያ ተደፍኖብኛል፤ ላስቆርጠው ወይስ ላሳጥበው?

ሰላም ወገኖች። መኪናዬ ሃይሉክስ ነው፣ 2.4 ናፍጣ፣ የ2019 ስሪት፣ የጥቀርሻ ማጣሪያ (ዲፒኤፍ) ያለው። ውሎዬ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ነው፤ ሲርቅ ጫጫ ድረስ ገብስ ጭኜ እመላለሳለሁ። ማጣሪያው ጥቀርሻውን አቃጥሎ ራሱን ለማጽዳት 600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። በዚህ ብርድና በአጭር መንገድ ያ ሙቀት አይገኝም።

አሁን የማጣሪያው መብራት አልጠፋ ብሏል። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር ማንበቢያ) ላይ ፒ2463 ይላል፤ ማጣሪያው በጥቀርሻ ታፍኗል የሚል ኮድ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዳገቱን ስወጣ ጉልበት የለውም። የሞተር ዘይቱም ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ይሄ በጣም ስላሳሰበኝ ወዲያው ቀየርኩት። ማጣሪያው ሞቆ ራሱን እንዲያጸዳ ብዬም ሸዋ ሮቢት ድረስ በጥሩ ፍጥነት ነዳሁት። ለውጥ የለም።

መካኒኩ ማጣሪያው ተቆርጦ ሰፊ ቱቦና አዲስ ማርሚታ ይግባ፣ ኮምፒውተሩም ይስተካከል ይላል። ጉልበት ይጨምር ይሆናል። ግን ያ ጥቁር ጭስ የሚወጣው ልጆች በሚጫወቱበት ሰፈር ነው፤ ልቤ እሺ አላለም።

ማጣሪያውን ማዳን ነው የምፈልገው። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ መኪናው እንደቆመ ጥቀርሻውን በስካነር አስገድጄ ላስቃጥለው ወይስ ማጣሪያውን በቀጥታ አስፈትቼ ላሳጥበው?