ክርክር፦ የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ያለ ካታፑልት መሠራታቸው ትክክል ነበር ወይ?

መልሕቅ፦ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) እንግሊዝ «ክዊን ኤልዛቤት»ን በ2017፣ «ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ»ን በ2019 ባሕር ኃይሏ ውስጥ አስገባች። እያንዳንዳቸው 65,000 ቶን ገደማ፣ ርዝመታቸው 280 ሜትር ነው። ነገር ግን ጄቱን ወርውሮ የሚያስነሳ ካታፑልትም፣ ሲያርፍ ጠልፎ የሚያቆም ገመድም የላቸውም። ፊታቸው ላይ 12.5 ዲግሪ ቀና ያለ መወጣጫ ተሠርቶ፣ በአጭር መንደርደሪያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ኤፍ-35ቢ ተመረጠላቸው። እኔ ስህተት ነው ባይ ነኝ። «ቢ» ከአብራሪው ጀርባ ትልቅ የማንሻ ፋን ተሸክሞ ስለሚዞር የነዳጅ ቦታው ተወስዷል። የውጊያ ርቀቱ 830 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን በካታፑልት የሚነሣው ወንድሙ ኤፍ-35ሲ («ሲ») 1,100 ይደርሳል። «ሲ» በሆዱ 2,000 ፓውንድ ቦምብ ሲይዝ «ቢ» 1,000 ላይ ይቆማል። ይህን የሚያህል መርከብ ሠርቶ የጄቱን ክንድ ማሳጠር ምን ይሉታል?

የሞተር ክፍል፦ ርቀቱ ላይ አልከራከርህም። ግን ካታፑልቱን በምን ልታንቀሳቅሰው ነው? መርከቦቹ እንፋሎት የሚያመርት ቦይለር የላቸውም፤ ኃይላቸው ከሁለት ጋዝ ተርባይን (እያንዳንዱ 36 ሜጋ ዋት) እና ከአራት የናፍጣ ጄኔሬተሮች ይመጣል። እንፋሎት ስለሌለ የቀረው አማራጭ ኤሌክትሮማግኔቲኩ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚወረውረው) ብቻ ነበር። መንግሥት በኦክቶበር 2010 «ወደ ካታፑልት እንዙር» ሲል ይህ መሣሪያ ገና ኒው ጀርሲ፣ ሌክኸርስት፣ መሬት ላይ እየተሞከረ ነበር። አብራሪ የተቀመጠበትን ጄት መጀመሪያ ያስነሣው ከውሳኔው በኋላ፣ በዲሴምበር 2010 ነው።

ሒሳቡን ተመልከት። አንድ ውርወራ እስከ 122 ሜጋ ጁል ይፈልጋል። ያንን በሦስት ሰከንድ ከመርከቡ መስመር ልቅዳ ብትል 40 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ መስመሩን ይጥለዋል። ስለዚህ ጉልበቱ በሚሽከረከሩ ከባድ ሮተሮች ውስጥ በ45 ሰከንድ ይጠራቀማል። በ45 ሰከንድ ሲካፈል ደግሞ ከ3 ሜጋ ዋት በታች ነው፤ ብክነቱን ብትጨምርበትም መርከቡ አያቅተውም። ኤሌክትሪክ አልጎደለም፤ የጎደለው ቦታ ነው። ሮተሮቹ፣ ኃይል መቀየሪያዎቹ፣ ማቀዝቀዣው፣ ወፋፍራም ገመዶቹ፣ ከኋላ ደግሞ የማቆሚያ ገመዱ ማሽን፣ ሁሉም ከበረራው ወለል ሥር ክፍል ይፈልጋሉ። ክፍሎቹ በንድፉ ላይ ለሌላ ሥራ ተመድበው ነበር። የአንዱ መርከብ ቅየራ ከ950 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ 2 ቢሊዮን ገደማ የዘለለውና ቀኑም ከ2020 ወደ 2023 የተገፋው በዚህ ነው። በሜይ 2012 ወደ «ቢ» ተመለሱ።

መልሕቅ፦ ይኸው አንተው መሰከርክልኝ! መርከቡ ሲነደፍ «ወደፊት ካታፑልት ሊገጠምለት ይችላል» ተብሎ ነበር። ቦታው በእውነት ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ 2 ቢሊዮን ባልተጠየቀ። መርከቡ በኒውክሌር ኃይል አለመሄዱም ምክንያት አይሆንም፤ የቻይናዋ «ፉጂያን» በተለመደው ነዳጅ እየሄደች ኤሌክትሮማግኔቲክ ካታፑልት ይዛለች።

ጋሽ ቀዛፊ፦ «ፉጂያን» ከ80,000 ቶን በላይ ናት፣ ሥራ የገባችውም በ2025 ነው። በ2010 ያልነበረ ነገር አምጥተህ አትፍረድ። ይልቅ ፈረንሳይን እይ። «ሻርል ደ ጎል» 75 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት የእንፋሎት ካታፑልቶች አሏት፤ ካታፑልቶቹም የአሜሪካ ሥሪት ናቸው። ግን አንዲት ብቻ ናት። በ2017 ለትልቁ እድሳት ስትገባ ፈረንሳይ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ተሸካሚ አልነበራትም። እንግሊዞች በኦገስት 2022 «ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ» ፕሮፔለሯን የሚያዞረው የቀኝ ሻፍት መጋጠሚያ ተሰብሮ ዋይት ደሴት አጠገብ ስትቆም «ክዊን ኤልዛቤት» ተተካች። በፌብሩዋሪ 2024 ተራው ተገለበጠ። ሁለት መርከብ መኖሩ ከየትኛውም ካታፑልት ይበልጥብኛል።

አብራሪውንም አትርሱ። በገመድ የሚያርፍ ሰው ልምምዱ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት፤ ጥቂት ሳምንት ከራቀ እንደገና መፈተን ነው። «ቢ» ግን መጀመሪያ አየር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ያርፋል። መርከቡ ሲዋዥቅ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የበረራ ወለል፦ ጋሼ፣ በልምምዱ ጉዳይ ዘመኑ ተቀይሯል። ዛሬ ኮምፒውተሩ መውረጃውን ስለሚያስተካክል የገመዱ ማረፍ እንደድሮው አያስጨንቅም። ቀጥ ብሎ ማረፍም ዋጋ አለው። የሞተሩ ትንፋሽ ተራውን ቀለም ስለሚልጥ ወለሉ በአሉሚኒየምና በታይታኒየም መለበጥ ነበረበት። በሞቃት አየር ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያልተተኮሰ መሣሪያ ይዞ የተመለሰ ጄት ክብደቱ ከገደቡ ካለፈ መሣሪያውን ባሕር ላይ ይጥላል። ለዚህ ነው በኦክቶበር 2018 እየተንከባለሉ (ቀጥ ብሎ ሳይሆን በዝግታ ወደፊት እየሄዱ) ማረፍን የሞከሩት፤ እስከ 3 ቶን ገደማ ተጨማሪ ይዞ ለመመለስ ያስችላል። ችግሩ ወለሉ ከረጠበ ብሬክ ብቻ ነው የሚያቆምህ፤ ገመድ የለም።

መልሕቅ፦ የኖቬምበር 2021ንም ጨምርበት። ሜዲትራኒያን ላይ የግራው አየር ማስገቢያ መሸፈኛ ሳይወጣ ቀርቶ ጄቱ ጉልበት አጥቶ ከመወጣጫው ጫፍ ባሕር ገባ፤ አብራሪው ተወርውሮ ተረፈ። በካታፑልት ቢሆን ጄቱ ታስሮ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት መድረሱ ይታያል፣ ከዚያ ይለቀቃል።

የበረራ ወለል፦ እዚያ ላይ አልስማማም። የዚያ ቀን ጉዳይ የመሸፈኛ ቆጠራ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ማን ፈረመ፤ ይህ ሳይጣራ ጄት ከተለቀቀ የትኛውም መርከብ ላይ አደጋ አለ።

ራዳር፦ ሁላችሁም ስለ ጄቱ ታወራላችሁ። ካታፑልት ባለመኖሩ የቀረው ትልቁ ነገር ሆካይ ነው፤ ማለት ራዳር የተሸከመው አውሮፕላን። ምድር ክብ ስለሆነች ከ30 ሜትር ምሰሶ ላይ ያለ ራዳር ውኃውን ታክኮ በ3 ሜትር ከፍታ የሚመጣን ሚሳይል የሚያየው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። ከድምፅ ፍጥነት ትንሽ ለሚያንስ ሚሳይል ይህ 100 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በ3,000 ሜትር የሚበር ሄሊኮፕተር አድማሱ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ይሰፋለታል፤ በ7,600 ሜትር የሚበረው ሆካይ ደግሞ ወደ 360። እንግሊዝ መርሊን ሄሊኮፕተር ላይ «ክሮውስኔስት» የሚባል ራዳር ገጠመች፤ ሥራ ሲገባም ዘግይቶ ነው።

ይህ የወረቀት ክርክር አይደለም። በፎክላንድ ጦርነት፣ ሜይ 4 ቀን 1982፣ የእንግሊዟ የጦር መርከብ «ሼፊልድ» በኤግዞሴት ሚሳይል ስትመታ በላይዋ የሚበር ራዳር አልነበረም። የቀድሞዋ የእንግሊዝ ተሸካሚ መርከብ «አርክ ሮያል» ከነካታፑልቷና ከነራዳር አውሮፕላኗ ከተሰናበተች ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር።

ጋሽ ቀዛፊ፦ ይህኛው እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። ግን አሁን ምን ይደረግ ትላለህ? መርከቦቹ ተሠርተዋል።

ራዳር፦ ለድሮን የሚሆን መጠነኛ ካታፑልትና ገመድ። በ2021 የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር እስከ 25 ቶን ገደማ የሚያስነሣ መሣሪያ ማን ሊያቀርብ እንደሚችል ኢንዱስትሪውን ጠይቋል። ሙሉ ጭነት የያዘ «ሲ» ከ30 ቶን ስለሚያልፍ ለእሱ አይሆንም፤ ራዳር ለያዘ ድሮን ግን ይተርፋል። በኖቬምበር 2023 «ሞሃቪ» የሚባል ድሮን ያለ ምንም እርዳታ ከ«ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ» ተነሥቶ ተመልሶ አርፏል።

የሞተር ክፍል፦ ያኔ ባዶውን ነው የተነሣው። ራዳር፣ የራዳሩን ጄኔሬተርና የስምንት ሰዓት ነዳጅ ጫንበትና መንደርደሪያውን እንደገና አስላ። እኔ ከካታፑልቱ በፊት የማነሣው ጥያቄ ሮተሮቹ የትኛው ክፍል ይገባሉ የሚለው ነው፤ የጄቱ መጋዘን ከተነካ የምታተርፈው የለም።