ወደ ሱሪናም የመጀመሪያ ጉዞ፦ ለሥራ አመራሩ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ሰብሳቢው፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሆላንድ ያለን የማኅበሩ አባላት በአገሩ ተስማምተናል። ሱሪናም በስፋት ከደቡብ አሜሪካ ነጻ አገሮች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ሕዝቧም 600,000 ገደማ ነው። የመንግሥት ቋንቋዋ ደችኛ ስለሆነ ልጆቻችን አስተርጓሚ አያሻቸውም። ከአምስተርዳሙ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። የቀረን መቼ እንሂድ፣ የት እንደር የሚለው ነው። እኔ ጁላይ 1 የሚከበረውን ኬቲ ኮቲን፣ ባርነት በ1863 የቀረበትን ቀን፣ አስቤ ነበር።

የሮተርዳም አባል፦
ጋሼ፣ በወቅቱ አልስማማም። ኬቲ ኮቲ አምስተርዳም ኦስተርፓርክ በሚባለው መናፈሻም በየዓመቱ ይከበራል፤ ልጆቹን እዚያ መውሰድ እንችላለን። ጁላይ ደግሞ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ የሚዘልቀው ረዥሙ ዝናብ ውስጥ ነው። የኦክቶበሩን የትምህርት ቤት ዕረፍት እንያዝ፤ ደረቅ ነው። ጋሊቢ በሚባለው የሱሪናም ባሕር ዳርቻ እንቁላል ለመጣል የሚወጡት የባሕር ኤሊዎች ያመልጡናል፤ እሱ ያሳዝነኛል።

የዩትሬክት አባል፦
በኦክቶበር እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሳምንቱን በሙሉ ዋና ከተማዋ ፓራማሪቦ ሆቴል ተቀምጠን እንዳንመለስ ነው። ከተማዋ ውብ ናት፤ የእንጨት ካቴድራሉን፣ ካይዘርስትራት ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ምኩራብና መስጊድ ማየት ተገቢ ነው። ለዚያ ግን ሁለት ቀን ይበቃል። ሦስት ሌሊት ላይኛው ሱሪናም ወንዝ፣ ሳራማካዎች መንደር እንደር። በባርነት ይሠሩባቸው ከነበሩት እርሻዎች አምልጠው ጫካ የገቡ፣ ተዋግተው በ1762 ቅኝ ገዢዎቹን የሰላም ውል ያስፈረሙ ሰዎች ልጆች ናቸው። በ1960ዎቹ የአፎባካ ግድብ ሲሠራ ብዙ መንደሮቻቸው ውኃ ውስጥ ቀሩ። በ2007 ደግሞ የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የመሬት መብታቸውን አስከበረላቸው። ታሪኩን ከራሳቸው አፍ መስማት አለብን።

መንገዱ እስከ አትዮኒ በመኪና፣ ከዚያ በረዥም የእንጨት ጀልባ ነው። በደረቁ ወቅት ውኃው ስለሚጎድል በድንጋያማው ፏፏቴ ላይ ጀልባው በቀስታ ይገፋል፤ ስለዚህ ጠዋት መነሳት ነው። መንደር መግቢያ ላይ የደረቀ የዘንባባ ቅጠል እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ፤ ክፉ ነገር እንዳይገባ የሚጠብቅ ነውና ማንም እንዳይቆርጠው፣ እንዳይነካው። ሰውንም ሆነ የጸሎት ቦታን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ይህ በሐሳቡ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልኝ።

አንድ አባት አባል፦
ልጄ ትክክል ብላለች። ቡናውንም አትርሱ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሱሪናም የተተከለው ቡና የዘር ሐረጉ ወደ አገራችን ይመዘዛል፤ የለቀሙት ግን በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ከፓራማሪቦ ወንዙን ሲሻገሩ ፔፐርፖት የሚባል የድሮ የቡናና የካካዎ እርሻ አለ፤ ዛሬ የተፈጥሮ ፓርክ ሆኗል፤ በእግርም በብስክሌትም ይኬድበታል። ልጆቹ ይህን እዚያው ቆመው እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

ሒሳብ ያዧ፦
ለላይኛው ወንዝ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ግድ ነው፤ ዩሮውን ፓራማሪቦ ካምቢዮ (የገንዘብ መመንዘሪያ ቤት) እንመነዝራለን። ለመንደር ማረፊያውና ለጀልባው የምንከፍለው በቀጥታ ለሰዎቹ እንዲሆን እጠይቃለሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ አባላት የመግቢያ ሁኔታቸው ሊለይ ስለሚችል ሄግ ያለውን የሱሪናም ኤምባሲ ጠይቀው የጽሑፍ መልስ ይያዙ፤ ቲኬት ከዚያ በኋላ። የቢጫ ወባ ክትባትም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይወሰድ፤ ስለ ወባ መድኃኒት ጂጂዲ (የሆላንድ የአካባቢ ጤና ጽሕፈት ቤት) ይጠየቅ።

የሮተርዳም አባል፦
ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት አይቸግርም። ከህንድ የመጡት ያስለመዱት ሮቲ አለ፤ ከድንችና ከረዥሙ ፎሶሊያ ጋር። ቅቤና እንቁላል እንዳይገባ አስቀድሞ መንገር ነው።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ጉዞው በኦክቶበሩ ዕረፍት ይሁን። ሁለት ሌሊት ፓራማሪቦ፣ ሦስት ሌሊት ላይኛው ሱሪናም ወንዝ፣ በመጨረሻ ፔፐርፖት። መንደሮቹ ዘንድ የምናድረው አስቀድመን የመንደሩን ሹም አስፈቅደን ነው፤ ክፍያውም በቀጥታ ለመንደሩ ይሰጣል። ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሳም።» ጋሼ፣ ኬቲ ኮቲን ኦስተርፓርክ የምናከብርበትን ቀን እንደ መዘጋጃ አስገብቼዋለሁ፤ ይስማሙበት ይሆን? የሚታረም ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍልኝ፤ ሰኞ እልከዋለሁ።

ሰብሳቢው፦
ተስማምቻለሁ። ላኪው።