ለአብራሪ የእጅ ሰዓት የትኛው ማሽን ይመረጣል?

ጥያቄ
እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሰዓት እጠግናለሁ። የእህቴ ልጅ የአብራሪነት ሥልጠናውን ሲጨርስ በእጄ የገጣጠምኩትን ሰዓት ልሰጠው አስቤ፣ ጥቁር ገጽና ትልልቅ ነጭ ቁጥሮች ያሉት ባለ 42 ሚሊሜትር ቤት አዘጋጅቼ ማሽኑ ላይ ቆሜያለሁ። ልቤ ያዘነበለው የስዊሱ ኩባንያ ኢቲኤ ወደሠራው፣ በእጅ ወደሚሞላው 6498 ማሽን ነው፤ ከጀርባው በመስታወት ሲታይ ያምራልና። ለሥራ የሚሆነው የትኛው ነው ትላላችሁ?

መልስ 1
ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን 6498 ስፋቱ 36.6 ሚሊሜትር የደረሰው መነሻው የኪስ ሰዓት ስለሆነ ነው፤ ሴኮንዱንም የሚያሳየው ቁጥር 6 ላይ ባለች ትንሽ ክብ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለበረራ የሠሯቸው ባለ 55 ሚሊሜትር ሰዓቶች ሴኮንድ ቆጣሪያቸው መሀል ላይ የነበረና መሙያው (ከጎን ያለው ቁልፍ) ሲሳብ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነበር፤ ያለዚያ ሰዓትን ከሌላ ሰዓት ጋር በሴኮንድ ማስማማት አይቻልም። ይህን ሁለቱም፣ የሴኮው ኤንኤች35ም ሆነ ኢቲኤ 2824-2፣ ያሟላሉ። ሁለተኛው በሰዓት 28,800 ጊዜ ስለሚመታ ቆጣሪው ለስለስ ብሎ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው 21,600 ጊዜ ቢመታም ሞልቶ 41 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ቢበላሽም ማሽኑን እንዳለ መለወጥ ከጥገናው ይቀላል። እኔ ብሆን ኤንኤች35ን እመርጣለሁ።

መልስ 2
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ሆኖም የበረራ ዕቅድም ሆነ የአየር ጠባይ ዘገባ የሚጻፈው በዩቲሲ (ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም የጋራ ሰዓት) ስለሆነ፣ ባለ 24 ሰዓት ተጨማሪ ቆጣሪ ያለውን የሴኮን ኤንኤች34 ቢያዩት መልካም ነው። በተለይ ለእኛ ጥቅሙ ድርብ ነው፤ ዋናዎቹ ቆጣሪዎች በአገራችን አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ሲሉ አራተኛው ዩቲሲ 5 ላይ ይቆማል፣ ወጣቱም ስድስት ሰዓት ደምሮ ሦስት ከመቀነስ ይድናል። የቀን ቁጥሩ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲለወጥ አድርገው ካስተካከሉት ግን፣ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በመሙያው እንዳያዞር ይንገሩት፤ ቀኑን የሚያዞሩት ጥርሶች በዚያን ጊዜ ተያይዘው ስለሚቆዩ ሊሰበሩ ይችላሉ። (በኢትዮጵያ ቀን ልጠቀም ካለ ደግሞ በየወሩ 31ን ማሳለፍ፣ በጳጉሜን መጨረሻም ብዙ ማዞር ግድ ይሆንበታል።)

መልስ 3
ለሥራ ከሆነ የባትሪው ይበልጣል። ጊዜውን የሚቆጥርለት የኳርትዝ ክሪስታል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ስለሚርገበገብ ተራው እንኳ በወር ከ15 ሴኮንድ ያህል በላይ አይዛነፍም፤ የኤንኤች35 ግን አምራቹ ራሱ በቀን እስከ 40 ሴኮንድ ሊፈጥን እንደሚችል ይገልጻል።

ጠያቂው
የባትሪውን ክርክር መመለስ አልችልም፤ በእጄ የገጣጠምኩት እንዲሆን ፈልጌ ነውና ይቅር በሉኝ። ኤንኤች34ን አስመጣለሁ። 6498ን ለራሴ አስቀርቻለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ አራቱ ቆጣሪዎች ተደራርበው እንዳይነካኩ ነው፤ በመስታወቱና በሴኮንድ ቆጣሪው መካከል ስንት ክፍተት ትተዋላችሁ?