አሮጌ አርቪ ገዛን፤ ኢንሹራንሱ ግራ ገባኝ

የመንታዎቹ አባት (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)
ሰላም ወገኖች፣ እስኪ አማክሩኝ። ባለፈው ወር እኔና ባለቤቴ አርቪ፣ ማለትም ውስጡ እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና፣ ገዛን። የ2012 ነው፣ 24 ጫማ፣ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ ክላስ ሲ የሚሉት ዓይነት። 31 ሺህ ዶላር በካሽ። እናቴ ከደሴ በቪዲዮ አይታው «ቤት እያላችሁ ቤት ልትነዱ?» ብላ ስቃብናለች።

ሰመር ላይ ልጆቹን የሎውስቶን ልንወስድ ነው። በዓመት ቢበዛ ሦስት ጉዞ ነው። ሌላውን ጊዜ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ መጠለያ የለውም።

ሁለት ቦታ ዋጋ ጠየቅሁ። አንዱ በዓመት 610 አለኝ፣ ሌላው 1,140። ሁለቱም «ፉል ከቨሬጅ» (ሁሉን የሚሸፍን) ነው ይላሉ። ባለቤቴ ርካሹን ያዝ ትላለች። እኔ ግን እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት እንዲሁ አይመጣም ብዬ ፈራሁ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ጡረተኛው ሹፌር (ኮሎራዶ ስፕሪንግስ)
እንኳን ደስ ያላችሁ። 22 ዓመት ትራክ ነድቻለሁ፤ አሁን እኔም አሮጌ አርቪ አለኝ። «ፉል ከቨሬጅ» የአፍ ስም ነው፤ እርሳው። ወረቀቱን በኢሜይል ላኩልኝ በላቸውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ፣ መኪናው ከጥቅም ውጭ ቢሆን በስንት ነው የሚያስቡልህ? የዚያን ቀን የገበያ ዋጋ ብቻ ከሆነ «አክቹዋል ካሽ ቫልዩ» ይላል። ስትዋዋሉ የተስማማችሁበት ዋጋ ከሆነ «አግሪድ ቫልዩ» ይላል። ልዩነቱ አንዱ እዚህ ጋ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ከዚያ በረዶ። ሜዳ ላይ ይቆማል አልክ። በሜይ 2017 የወረደው በረዶ ሌክውድ ያለውን ኮሎራዶ ሚልስን ያህል ሞል ለወራት አዘግቷል። ይህን የሚከፍለው ኮምፕሪሄንሲቭ ነው። ኮሊዥን የግጭት ነው። የራሴን ልንገርህ፣ ዛሬም ያናድደኛል። በረዶ የጣሪያ መስኮቴንና የኤሲውን ክዳን ሰባበረው። ወርሃዊው ክፍያ እንዲቀንስልኝ ብዬ ዲዳክቲብሉን (መጀመሪያ ከራሴ ኪስ የምችለውን) 2,000 አድርጌው ነበር። ጥገናው 2,350 ወጣ። የ350 ዶላር ቼክ ላኩልኝ! በዚያ ላይ ገምጋሚው ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ መገጣጠሚያው ድሮም ያፈስ ነበር፣ የበሰበሰውን ግድግዳ አንከፍልም አለ። ልክ ነበር። ቀስ በቀስ የሚገባ ውሃ እንደ ባለቤቱ ጥገና ጉድለት ነው የሚታየው። አይጥ የበላው ሽቦም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። በዓመት ሁለቴ ውጣና ማሸጊያውን እይ።

ላያቢሊቲ (ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚከፍለው) ላይ ደግሞ አትሰስት። የኮሎራዶ ግዴታ ለአንድ ሰው ጉዳት 25 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ 50 ሺህ፣ ለንብረት 15 ሺህ ነው። አንድ አዲስ ፒክአፕ ብትገጭ 15 ሺህ ምን ትሆናለች?

ተጎታቿ (ቨርጂኒያ)
የእኛ አርቪ ሞተር የለውም፤ በቱንድራ ፒክአፕ ነው የምንጎትተው። «የመኪናችሁ ላያቢሊቲ ይከተለዋል» ሲሉን ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎን ነበር። ለካ ሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት ብቻ ነው። ተጎታቹ ራሱ ቢገለበጥ ለብቻው ካልተገባለት ሳንቲም የለም።

አንተ ግን «ቫኬሽን ላያቢሊቲ» አለው ወይ ብለህ ጠይቅ። ካምፕ ውስጥ ቆሞ ሳለ እንግዳ ደረጃው ላይ ተደናቅፎ ቢሰበር የሚከፍለው እሱ ነው። እኛ ደግሞ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሳይጠራ አይሆንልንም። ውስጥ ያለውን ዕቃም እስከ ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቃቸው።

ቬጋስ ነኝ
በአፕ ላከራየው እንዳትል ብቻ። የግል ውል ኪራይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። የጓደኛዬ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) በዚህ ነው ውድቅ የሆነው።

የመንታዎቹ አባት (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አስላክሁና ከባለቤቴ ጋር አነበብነው። የ610ዩ የገበያ ዋጋ ብቻ፣ ዲዳክቲብሉ 2,500፣ ላያቢሊቲው ልክ የግዴታው ያህል፣ መንገድ ላይ ቢበላሽ የሚጎትትም የለው። የ1,140ው አግሪድ ቫልዩ ነው፣ ዲዳክቲብሉ 500፣ ቶውም ቫኬሽን ላያቢሊቲም አለው።

ለ1,140ው ኢንሹራንስ ሠራተኛ ደውዬ መቀነሻ የለውም ወይ አልኳት። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ቆሞ የሚከርም ከሆነ ኮሊዥኑንና ላያቢሊቲውን ያቆሙታል፤ ኮምፕሪሄንሲቩ ይቀጥላል። 925 ገባ። በእነዚያ ወራት ታዲያ ነዳጅ ልቅዳ ብዬ እንኳን ከሜዳው አላወጣውም። ባለቤቴም ተስማማች፤ ጣሪያ ላይ የምወጣው እኔ ከሆንኩ።

ጋሼ፣ ማሸጊያው የትኛው ይሻላል?

ጡረተኛው ሹፌር (ኮሎራዶ ስፕሪንግስ)
መጀመሪያ ጣሪያው ከምን እንደተሠራ እይ። ኢፒዲኤም የሚሉት ላስቲክ ከሆነ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ማጽጃም ማሸጊያም አታስነካው፤ ያብጣል። ስትወጣ ደግሞ መሰላሉን የሚይዝልህ ሰው ይኑር።