የተሸለሙ የተረት መጻሕፍትን በአማርኛ ስንነግር ምን ያህል መለወጥ ይፈቀድልናል?

የታቦር ሥር እናት (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ልጆቼንና አምስት የጎረቤት ልጆችን በረንዳችን ላይ ሰብስቤ ተረት መንገር ከጀመርኩ ግማሽ ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ሦስት ባለ ሥዕል መጻሕፍት የላከችልኝ ሲሆን፣ የሦስቱም ሽፋን ላይ ፈረሰኛ የተቀረጸበት ክብ ወርቃማ ምልክት አለ። መጻሕፍቱ ጠንቋይ ግንብ ውስጥ የዘጋችባትንና ረጅም ፀጉሯን እንደ ገመድ አውርዳ ሰው የምትስበውን ልጅ ተረት የሚነግረው የፖል ዜሊንስኪ «ራፑንዜል»፣ ከቻይና የመጣውን የቀይ ኮፍያዋን ልጅ ተረት የሚነግረው የኤድ ያንግ «ሎን ፖ ፖ» እና የጄሪ ፒንክኒ «አንበሳውና አይጧ» ናቸው። ጽሑፉን ለራሴ በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ለልጆቹ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ።

ችግሬ ሁለት ነው። ልጆቹ ተኩላን ስለማያውቁና ማታ ማታ የሚሰሙት የጅብ ድምፅ ስለሆነ፣ በ«ሎን ፖ ፖ» ውስጥ አያት መስሎ ቤት የሚያስከፍተውን ተኩላ አያ ጅቦ አደረግሁት። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳርፎ «ይሄ ጅብ አይደለም፤ ጅብማ ኋላው ዝቅ ያለ ነው» አለኝና ሁሉም ሳቁብኝ። በ«ራፑንዜል» ደግሞ ልጅቷ ልብሷ ወገቧ ላይ እየጠበበ መሄዱን ለጠንቋይዋ የምትናገርበትን ክፍል አፍሬ ዘለልኩት። ሆኖም መጨረሻ ላይ መንታ ሕፃናት በሥዕሉ ብቅ ሲሉ፣ የራሴ ልጅ «እነዚህ ከየት መጡ?» ብላ ያዘችኝ።

ልጠይቅ የምፈልገው፣ ተረት የሚነግር ሰው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይዞ ሳለ ምን ያህል ነፃነት እንዳለው ነው። ደግሞስ ያ ወርቃማ ምልክት ታሪኩ ለልጆች ተስማሚ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ነውን?

ጡረተኛ መምህር (ሐዋሳ)

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። ምልክቱ የካልዴኮት ሜዳሊያ ነው። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከእ.ኤ.አ. 1938 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጠው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ከራንዶልፍ ካልዴኮት ነው። ልጆቹ ስለ ፈረሰኛው ከጠየቁዎት፣ ካልዴኮት ራሱ የሳለው ጆን ጊልፒን የተባለ ሰው መሆኑን፣ ፈረሱም አልቆም ብሎት ይዞት እየሮጠ እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ይህ ብቻውን ለአንድ ቅዳሜ የሚበቃ ጨዋታ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሽልማቱ የሚሰጠው ለሠዓሊው መሆኑ ነው። ሠዓሊው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን ያለበት ሲሆን፣ ዳኞቹም የሚመዝኑት ሥዕሉ ታሪኩን እንዴት እንደያዘው ነው። ስለዚህ ምልክቱ ታሪኩ ሐዋሳ ላለች የስድስት ዓመት ልጅ ይስማማል አይስማማም የሚለውን ሊነግርዎ አይችልም። እሱ የእርስዎ ፍርድ ነው።

ስለ ነፃነቱ፣ ተረቶቹ ራሳቸው አንድ ቦታ ቆመው አያውቁም። ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው የቀይ ኮፍያዋ ልጅ ታሪክ ተኩላው አያትንም ልጅንም ይበላል፤ ታሪኩም እዚያው ያበቃል። የተኩላውን ሆድ ቀድዶ የሚያወጣቸውን አዳኝ የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ1812 በወጣው በግሪም ወንድማማቾች መጽሐፍ ነው። የራፑንዜልም ነገር እንዲሁ ነው። እርስዎ ያፈሩበት የጠበበው ልብስ በግሪሞች የመጀመሪያ እትም ውስጥ ነበረ፤ በኋላ ግን ለልጆች አይሆንም ተብሎ ወጣና በምትኩ ልጅቷ ጠንቋይዋን «ከልዑሉ ይልቅ አንቺን መሳብ ለምን ከበደኝ?» እንድትላት ተደረገ። ዜሊንስኪ ነው ወደ ቀድሞው የመለሰው። እንግዲህ እርስዎ በረንዳዎ ላይ ያደረጉትን ግሪሞችም ከ200 ዓመት በፊት አድርገውታል ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነሱ መንታዎቹን አጉልቶ የሚያሳይ የዜሊንስኪ ሥዕል አልነበረባቸውም።

ስሟም ቢሆን ከአትክልት ቦታው ጋር ሲለወጥ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1634 በታተመው በጃምባቲስታ ባዚሌ የናፖሊ ተረት ውስጥ ልጅቷ የተሰየመችው እናቷ በእርግዝና ጊዜ በአማራት የፐርስሜሎ ቅጠል ሲሆን፣ በጀርመኑ ደግሞ ራፑንዜል የሚባል ለሰላጣ የሚሆን ቅጠል ስም ተሰጣት። በአማርኛ ጎመን ብለው እንዲጠሯት ግን አልመክርም።

ሥዕል አስተማሪ (አዳማ)

ከመምህሩ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን በጅቡ ጉዳይ ልጁ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ያለ መጽሐፍ፣ በአፍ ብቻ ተረት ሲነገር ተራኪው የፈለገውን ማድረግ ይችላል፤ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተቀምጠው ሲተርኩልን የነበሩትን እንስሳት እያንዳንዳችን በራሳችን መልክ እንሥላቸው ነበር። መጽሐፉ ከተገለጠ ግን ግማሹን የሚናገረው ሥዕሉ ስለሆነ፣ አፍዎ አንድ ነገር እያለ ዓይናቸው ሌላ የሚያይ ከሆነ ልጆቹ የሚያምኑት ዓይናቸውን ነው።

ኤድ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሸለመበትን ይህን መጽሐፍ በውኃ ቀለምና በፓስቴል የሠራው ሲሆን፣ ገጾቹን እንደ ቻይና ተጣጣፊ የሥዕል መከለያ ወደ ላይ በቆሙ ክፍልፋዮች ከፍሏቸዋል። ተኩላው አንዳንዴ ከጨለማው ውስጥ በከፊል ብቻ ስለሚታይ፣ የቀረውን የሚሞላው የልጁ ፍርሃት ነው። ሠዓሊው በመታሰቢያ ገጹ ላይ መልካም ስማቸውን ለእኛ ጨለማ ምልክትነት ስላዋሱ የዓለም ተኩላዎችን ማመስገኑንም ልብ ይበሉ። እንዲህ ለተኩላ የተጨነቀን ሰው ሥዕል ወስዶ ጅብ ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ትንሽ ግፍ አለበት።

ይልቁንም ተኩላውን ተኩላ ብለው ይተርኩና መጽሐፉን ይዝጉት። ከዚያ ያንኑ ተረት በአያ ጅቦ በቃል ይንገሯቸው። በመጨረሻም ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው ጅቡን እነሱ እንዲሥሉት ያድርጉ። ኋላው ዝቅ ያለ መሆኑን የሚያውቀው ልጅ ከሁሉም የተሻለ ይሥለዋል ብዬ እገምታለሁ።

«አንበሳውና አይጧ» ለእርስዎ ከሦስቱ ይበልጥ የሚመች ይመስለኛል። ፒንክኒ የኤዞጵን ተረት ወደ ሴሬንጌቲ ሜዳ አምጥቶ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተረከው፤ በጽሑፍ ያለው የእንስሳቱ ድምፅ ብቻ ነው። ሽልማቱንም እ.ኤ.አ. በ2010 አግኝቶበታል። የሚተረጎም ነገር ስለሌለ ሲዳምኛ የሚናገረውም፣ ወላይትኛ የሚናገረውም፣ አማርኛ የሚናገረውም ልጅ በየተራ ሊተርከው ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ነርስ (ሐዋሳ)

እኔ የምጨምረው ስለ ራፑንዜል ብቻ ነው። በሠፈራችን እርጉዝ ሴት አይቶ፣ የገንፎ ቀን ተሰብስቦ ያልበላ ልጅ የለም። «ልብሷ የጠበባት አርግዛ ስለነበር ነው» ብሎ ማለፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ያንኑ ብዬ አልፌ ልጄ የጠየቀኝ ስለ እርግዝናው ሳይሆን ፀጉሩ ሲጎተት ያማት እንደሆነ ነበር። የሚያስጨንቀን እኛን እንጂ እነሱን አይመስለኝም።

የታቦር ሥር እናት (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት እንደተባለው አደረግሁ። ተኩላው ተኩላ ሆኖ ቀረበ፤ ልጆቹም ትልቋ እህት ተኩላውን በቅርጫት ወደ ዛፉ እየሳበች የምትለቅበት ጋ ሲደርሱ በረንዳውን በጩኸት አናወጡት። ጅቡን መሣል ላይ ግን ግምታችሁ አልሠመረም፤ ያ ልጅ የሣለው ውሻ የሚመስል ነገር ስለነበር በተራው ተሳቀበት። «አንበሳውና አይጧ»ን ሦስት ልጆች ተረኩት፤ አንዷ ታሪኩን ከአይጧ ልጆች በኩል ጀምራ አንበሳውን ልትደርስበት ስላልቻለች ሳምንት እንድትቀጥል ቀጠሮ ይዘናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሦስቱ መጻሕፍት በአንዱም ውስጥ እነሱን የሚመስል ልጅ አለመኖሩን ታላቋ ልጄ አስተውላለች። ተረት ሆኖ፣ ሥዕሉም እንዲህ የተደከመበት ሆኖ፣ ጥቁር ልጆች ያሉበት መጽሐፍ ታውቃላችሁ?

ጡረተኛ መምህር (ሐዋሳ)

የጆን ስቴፕቶ «የሙፋሮ ውብ ሴት ልጆች» አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ፣ በማግሥቱ ዓመት የካልዴኮት የክብር ተሸላሚ የሆነ በመሆኑ ምልክቱ ብርማ ነው። ንጉሥ ሚስት ሲፈልግ የሚሄዱት የሁለት እህትማማቾች ታሪክ ሲሆን፣ ሠዓሊው የዚምባብዌን ጥንታዊ የድንጋይ ፍርስራሽ አጥንቶ ነው ከተማውን የሣለው። ክፉዋንም እህት ውብ አድርጎ ስለሣላት ልጆቹ ማን ክፉ እንደሆነች ከመልኳ ሊለዩ አይችሉም፤ እኔ መጽሐፉን የምወድለት በዚህ ነው።

ከአገራችን ደግሞ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በባለ ቀለም ሥዕል አሳትሞታል። መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች የሚያደርሰው ቤተ መጻሕፍቱ በዚሁ በከተማችን ይዞር እንደነበር ትልልቆቹ ታስታውሱ ይሆናል።

የሙፋሮ መጽሐፍ አንድ ቅጂ እኔ ዘንድ አለ። አንድ ገጹ በሻይ ተበላሽቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥዕሉ ግን ይታያል። ፒያሳ በሚመችዎ ቀን አደርስልዎታለሁ፤ የቀጠሮዋ ልጅ ታሪኳን ስትጨርስ እንድትነግሩኝ ብቻ አደራ።